ሃያ ስድስት ነው የሚል ግድግዳ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10፤ ጧት

ጨርቋ ታጥቦ ተሰጥቷል። የሚደርቅ አይመስልም፤ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ግቢያችን ውስጥ ተጋድሟል። አጥሚቱ ተሠርቷል። ልጄ ዘይኑ ሕፃኗን ደረቷ ላይ ለጥፋ አንቀላፍታለች፤ ነርሷ እንዳዘዘችው፦ ገላ ለገላ፣ ኮፍያ፣ ካልሲ፣ ከላይ ብርድ ልብስ።

ስም ገና አልወጣላትም። ሚጡ እንላታለን። ቀኗ ሳይደርስ ተቻኩላ መጣች፤ ሆስፒታል ሙቀት ክፍል ከርማ ባለፈው ሳምንት ወጣች። ባባቷ በኩል ኮምቦልቻዊ ናት፤ ግን አራስ እናቷ ቤት ነው የምትታረሰው፤ ስለዚህ እዚህ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ሰፈር፣ የኔ መኝታ ቤት። እኔ ሳሎን ፍራሽ ላይ ነኝ። ደስ ብሎኝ።

የዘይኑ ባል ከድር ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራ ኤሌክትሪሺያን ነው። ቅዳሜ የመብራት ማሞቂያ ተሸክሞ መጣ። ግድግዳው ላይ ደግሞ ትንሽ ነጭ ሳጥን ገጠመ፤ ቴርሞስታት ይለዋል። ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ማሞቂያውን ያበራል፣ ሲሞቅ ያጠፋል፣ ዲግሪውንም ይጽፋል። 25 ላይ አደረገውና፣ እማየ ከእንግዲህ ምንም አይንኩ፣ እሱ ራሱ ያውቃል ብሎኝ ወረደ።

አሁን 26 ይላል። ማሞቂያው ጠፍቷል። የኔ ጣት ግን ደንዝዟል። እርጅና ይሆን?

ያው ቀን፤ ከሰዓት

እርጅና አይደለም። ዘይኑም በረደኝ አለች። የሚጡን እግር ዳሰስኩ፤ እንደ ጧት ጠጠር። ሳጥኑ 27 ይላል። ቀን ስድስት ሰዓት ላይ 20 ብሎ ማሞቂያውን አብርቶልን ነበር፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲል መልሶ አጠፋው። ምን ታይቶት?

መስኮቱን ዳር ዳሩን በፕላስተር አሸግሁት። ተጨማሪ ብርድ ልብስ አወጣሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ደብተሬ፣ ዛሬ ክፉ ቀን ነው።

ሆ/ል ሄድን፤ ሚጡ ሚዛን ላይ ወጣች። አልጨመረችም። ከወጣችበት ቀን ጀምሮ እንዳለች ናት። ሐኪሟ ረጋ ያለች ልጅ ናት፤ አልተቆጣችም፤ ባትቆጣም ግን ቃሏ አጥንቴ ውስጥ ገባ። የምትጠባውን ወተት ብርዱ ነው የሚበላባት አለችን። ክፍላችሁ ይሞቃል ወይ ስትል ዘይኑ ወደ እኔ አየች። ይሞቃል አልኩ። ሳጥኑ ነዋ ያለው!

ለሚቀጥለው ረቡዕ ቀጠረችን። ካልጨመረች መልሳ አልጋ ታስይዛታለች።

ቤት ሳንደርስ ስልክ ተደወለ። ወ/ሮ ሐሊማ፤ የከድር እናት። ወሬው ኮምቦልቻ እንዴት ቀድሞን እንደደረሰ አላህ ይወቅ። ደሴ ለሰው ልጅ ነው ወይስ ለውርጭ፣ አለችኝ። የልጅ ልጄን አምጡልኝ፣ እዚህ አላህ ራሱ የሚያሞቀው አገር አለ፣ አለችኝ። ሐኪሟ ልጅቱ እስክትጠነክር የሐረጎን ቁልቁለት አታውርዷት ማለቷን ነገርኳት። እሷም፣ «አንድ ሰዓት ለማይሞላ መንገድ!» ብላ ዘጋችው።

ማልቀስ አማረኝ። የሚያናድደው ምን መሰለህ፣ ትክክል ብትሆንስ?

ከድርም ደወለ፤ መሐል ገብቶ ተንገላታ። እስከ ረቡዕ እንጠብቅ፣ ከዚያ በኋላ እማየ የሚሉትን፣ ወይም እናቴ የምትለውን፣ አለ። የሁለት እናቶች ልጅ መሆን ቀላል አይደለም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12፤ ጧት

ያዝኩት! ያዝኩት ያዝኩት!

የዘይኑን ፀጉር ልቀባ የኮኮናት ቅባቱን ከመደርደሪያው አነሳሁ። ድንጋይ። ማንኪያ አይገባውም። ሳጥኑን አየሁ፤ 26። ኮኮናቱን አየሁ፤ ድንጋይ።

ይህ ቅባት ኮምቦልቻ ዘይኑ ቤት እንደ ውሃ ይፈሳል። እኔ ቤት ዓመቱን ሙሉ ሻማ ነው፤ ቤቱ ደህና አድርጎ ሲሞቅ ብቻ ይቀልጣል። ለከድር ደወልኩ፤ ስንት ዲግሪ ላይ ነው ኮኮናት የሚቀልጠው? መጀመሪያ ደንገጥ አለ፤ አማቴ ቀወሰች ብሎ ይሆናል። ስልኩ ላይ ፈልጎ ሃያ አራት ገደማ አለኝ።

እንግዲህ! ሁለቱም አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው። አንዱ ይዋሻል። ኮኮናት ምን አገኝ ብሎ ይዋሻል?

ክፍሉ ሙሉ ጊዜውን ቀዝቃዛ ነበር ማለት ነው። ሳጥኑ ሞቋል እያለ ማሞቂያውን ያጠፋዋል፤ እኛም እሱን አምነን ቁጭ። ሐኪሟንም የዋሸኋት በሱ አፍ ነው።

ሚጡን ተቀብዬ እኔው ደረቴ ላይ አደረግኋት፤ ዘይኑ ትንሽ ትተኛ። ወፍ ታክላለች። አብሽሪ አልኳት። አያትሽ ነቅታለች።

ዓርብ፣ ኅዳር 13፤ ከጁምዓ በኋላ

ከድር አስፈቅዶ መጣ። ከፋብሪካው ሌላ የሙቀት መለኪያ ይዟል። የሚጡ አልጋ አጠገብ አስቀመጠው። ጠበቅን። 18 አለ። ሳጥኑ እዚያው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ 26።

ፊቱ ተለዋወጠ። ወደ ሚስቱ ማየት አቃተው፤ በገዛ እጁ የገጠመው ነው። ዘይኑ ሻይ ሰጠችው።

ቁልፎቹን ነካካ፣ አጠፋ፣ አበራ። ያው። ዕቃው ብልሹ ነው፣ አታለውኝ ነው የሸጡልኝ አለ። በካቻቢቴ ነቀለው። ኮምቦልቻ ወስዶ ሊሞክረው ነው። ማሞቂያውን ያለ ሳጥኑ በቀጥታ አገናኝቶልኛል፤ እኔ በእጄ አበራለሁ፣ አጠፋለሁ፤ መለኪያውንም ትቶልኛል። የሥራ ዘመኔን ስልክ ቤት ተቀምጬ ገመድ ስሰካና ስነቅል ኖሬ የለ! ለዚህ አላንስም።

ሳጥኑ የነበረበት ቦታ ላይ የድሮ ማብሪያ ማጥፊያ ጉድጓድ ቀርቷል፤ ሽቦ ብቅ ብሎበታል። የሽቦውን ጫፍ ጠቅልሎ አሸገው፤ እንዳትነኩት ብሎን ሄደ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ከድር ደወለ። ድምፁ ግራ የተጋባ ነው። ሳጥኑን ኮምቦልቻ ቤታቸው ሳሎን ውስጥ ከሌላ መለኪያ ጎን አስቀምጦት አደረ። ልክ ነው ይላል። ጧትም ልክ፣ ከሰዓትም ልክ። አንዲት ዲግሪ አልሳተም።

ታዲያ ደሴን ጠልቶ ነው ወይ አልኩት። ሳቀ፤ ግን ከልቡ አይደለም። ከኋላው የወ/ሮ ሐሊማ ድምፅ ይሰማኛል፦ ዕቃ እንኳ ብርዱን ሸሽቶ ነው፣ ሰው ይቅርና!

ጥርሴን ነክሼ ዘጋሁ።

ማሞቂያውን ሳበራ ሳጠፋ ዋልኩ። አንዴ ይግላል፣ አንዴ ይቀዘቅዛል። ትንሽ ዓይኔን ከጨፈንኩ ያመልጠኛል። እንዲህ እስከ ረቡዕ አይዘለቅም።

እሑድ፣ ኅዳር 15፤ ገና ጧት ነው

ቸኩዬ ነው የምጽፈው፤ ጽሕፈቴ ቢጣመም ይቅር በለኝ።

ሱብሒ ሰግጄ ወደ እነ ዘይኑ ገባሁ። ክፍሉ ዳቦ ዳቦ ይሸታል። ትኩስ፣ አሁን የወጣ ዳቦ። ዘይኑም እያዛጋች፣ «እማየ፣ ዳቦ አስመጣሽ እንዴ?» አለችኝ።

አላስመጣሁም። መስኮቱ በፕላስተር ታሽጓል። በሩን እኔ ነኝ አሁን የከፈትኩት፤ ሳሎኑ ደግሞ ምንም አይሸትም።

አፍንጫዬን ተከትዬ ሄድኩ። አልጋው ጋ የለም። ቁም ሳጥኑ ጋ የለም። ከድር ሳጥኑን የነቀለበት ጉድጓድ ጋ ስደርስ ፊቴን እፍ አለኝ። ትንፋሽ! የሞቀ ትንፋሽ፣ ልክ ሰው አፉን ከፍቶ እንደሚያሞቅህ። ሽቦውን ሳልነካ መዳፌን ራቅ አድርጌ ዘረጋሁ። ይሞቃል። ወዲያ ወዲህ ግድግዳውን ዳሰስኩ። በረዶ።

መሬቱ ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ። ዘይኑ ደነገጠች።

ደብተሬ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። የጎረቤቴ የጋሽ መኮንን ዳቦ ቤትና የኔ ቤት ድሮ አንድ ቤት ነበሩ። ባለቤቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ለማከራየት ብሎ በግድግዳ ከፈላቸው። የመብራት ሽቦ ከወዲያ ወደዚህ የሚያልፍበት ቱቦ ግን ግድግዳው ውስጥ ቀረ። ከድር ሳጥኑን የገጠመው የዚያ ቱቦ አፍ ላይ ነው፤ ጉድጓዱ ተዘጋጅቶ ስላገኘው። ጋሽ መኮንን ምድጃውን ሲያነድ ሙቀቱ በቱቦው መጥቶ ሳጥኑን ከጀርባው ያሞቀዋል። ሳጥኑም ክፍሉ የሞቀ መስሎት ማሞቂያችንን ያጠፋል። ጧትና ከሰዓት ይጋገራል፤ ጧትና ከሰዓት ይዋሻል። እኩለ ቀን ምድጃው ሲያርፍ እውነቱን ይናገራል።

አልዋሸም ነበር! የዳቦ ቤቱን ሙቀት ነበር የሚነግረን።

ለከድር ደወልኩ። «ወላሂ እማየ፣ መጣሁ» አለ።

ያው እሑድ፤ አመሻሽ

ድል!

ከድር ሳጥኑን በጉያው ይዞ ደረሰ። ጫማውን እንኳ በቅጡ ሳያወልቅ ወደ ጉድጓዱ። እጁን ዘረጋ። ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ መጥቶ ግንባሬን ሳመኝ። እኔ ደግሞ፣ ጉድጓድ ተዘጋጅቶ ሲገኝ ማን ሌላ ይቆፍራል፣ እኔም ብሆን እዚያው ነበር የምሰቅለው አልኩት። እውነቴን ነው።

ጋሽ መኮንን ተጠራ። ቅንድቡ ዱቄት እንደለበሰ መጣ። ነገሩ ሲነገረው በድንጋጤ አማተበ። «ምድጃዬ ነው ሕፃኗን ሲያበርዳት የከረመው? እሳት እንዴት ያበርዳል?» እያለ ግራ ገባው። ከድር እንደገና አስረዳው። ገባውና ሮጦ ወጣ፤ የቱቦውን አፍ በሱ በኩል በሲሚንቶ ደፈነው። እኛ በዚህ በኩል ሽቦውን አስወጥተን ስፖንጅ ጠቀጠቅንበት፤ ከላይ በጀሶ። ከድር አዲስ ሽቦ ስቦ ሳጥኑን ወዲያ ማዶ ግድግዳ ላይ ሰቀለው፤ ሳሎኑን የሚያዋስነው፣ ከመስኮትም ከማሞቂያም የራቀ፣ በደረቴ ቁመት ልክ።

አበራው። ሦስታችንም አንገታችንን አስግገን ቆምን። ዘይኑ ሚጡን እንዳቀፈች።

19።

እልል አልኩ። በሕይወቴ ቁጥር ዝቅ ብሎ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም! ከአልጋው አጠገብ ያለው መለኪያም 19። ማሞቂያውም ቀጭ ብሎ በራ፤ ደግሞም አላቆመም። 20፣ 21... ጋሽ መኮንን ተመልሶ እንደ ኳስ ጨዋታ እየቆጠረ ይጮኻል፤ ዘይኑ ቀስ ትለዋለች። ምድጃውን ሆን ብሎ አንድዶ ነው የመጣው፤ ለፈተና። ሳጥኑ ፍንክች አላለም።

25 ላይ ቀጭ፤ ጠፋ። ኮኮናቱ ጠርዙ ረጥቦ መሐሉ መዋኘት ጀምሯል።

የሚጡን እግር ዳሰስኩ። አልሐምዱሊላህ።

ሰኞ፣ ኅዳር 16

ከሰዓት መብራት ሄደ። ዘይኑ ሚጡን ደረቷ ውስጥ ከተተቻት፤ እኔ በሩ ሥር ጨርቅ ጎዘጎዝኩ። ሳጥኑም አብሮ ጠፍቷል፤ የከድርን መለኪያ እያየሁ ተቀመጥኩ። ቀስ እያለ ነው የወረደው፤ ክፍሉ ሙቀቱን አምቋል። ጋሽ መኮንን በመስኮት አንኳክቶ፣ በጎማ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ላምጣ ወይ ይላል። በቀን ስንቴ እንደሚጠይቅ! ምድጃው የበደለውን እሱ ሊክስ ነው መሰለኝ።

መብራት ሲመጣ 22 ነበር። ተርፈናል።

ሚጡ ዛሬ እስክትጠግብ ጠባች። ከዚያ ጡቱን ለቃ እንደ ሰከረ ሰው ወደ ኋላ ተዘረረች።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

ጨመረች!

ሐኪሟ ሚዛኑን ሁለት ጊዜ አየችው፤ አላመነችም። ወይ ጉድ፣ ምን አድርጋችሁ ነው አለች። ዘይኑ፣ «እማየ ግድግዳውን አሽትታ» አለቻት። ሐኪሟ ዘይኑን አየች፣ እኔን አየች። ሁሉንም ተረክሁላት፤ ኮኮናቱን፣ ምድጃውን፣ ቱቦውን። ውጭ ተራ የሚጠብቁት እናቶች በሩ ላይ ተደርድረው ያደምጣሉ። አንዷ ከኩታበር የመጣች፣ መንታ የታቀፈች፣ ወጥቼ ስሄድ እጄን ይዛ እኛስ ቤት መብራት የለም ምን ላድርግ አለችኝ። ገላ ለገላ፣ ኮፍያ፣ ንፋስ የሚገባበትን ድፈኚ፣ ከሁሉ በላይ ቀጠሮሽን አታሳልፊ አልኳት። እንደ ነርስ ማዘዜ አሳቀን፤ ሁለታችንም ዓይናችን እንባ ነው።

ባጃጅ ውስጥ ዘይኑ ትከሻዬ ላይ ተኛች። ስትወልድም፣ ሕፃኗ ሆ/ል ስትከርምም አላለቀሰችም ነበር። አሁን አለቀሰች። ተይ አላልኳትም።

ዓርብ፣ ኅዳር 20

ወ/ሮ ሐሊማ መጣች። ሳትደውል።

ሹራብ በሹራብ ላይ፣ ጋቢ፣ ከላይ የከድር ካፖርት። ሐረጎን ስትወጣ ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት ዝጉ እያለች ሰዉን ስትጨቀጭቅ እንደመጣች ራሷ ነገረችን። በር ላይ አፏን ሸፍና ሰላምታ ሰጠችኝ። እኔም አንጀቴን አስሬ ወአለይኩም ሰላም አልኩ።

እጇን አስታጥቤ ወደ ክፍሉ አስገባኋት። አልጋው ጫፍ ተቀመጠች። ሚጡን ሰጠኋት። መጀመሪያ ካፖርቱን አወለቀች። ትንሽ ቆየችና ጋቢውን። ቆየችና አንዱን ሹራብ። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ሚጡ ጣቷን ጨብጣባታለች።

«ፋጡማ፣» አለችኝ፣ «ኮምቦልቻን ቤትሽ አስገባሻት እኮ።»

እንዳልሰማ ሆንኩ፤ ደግማ እንድትለው። ደገመችው።

ከዚያ ሚጡን ወደ ደረቷ አስጠጋች። ከድርንም ቀኑ ሳይደርስ ነው የወለድኩት፣ ከሱ በፊት የነበረችውን ልጄን ግን ብርድ ነው የወሰደብኝ፣ አለችኝ። ይህን ከድርም አያውቅም። ስልክ ላይ ስትጮኽብኝ የከረመችው ያቺን ልጅ በልቧ ይዛ ነው ለካ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። እጇን ያዝኩት።

አደረች። ሳሎን፣ ፍራሹ ላይ፣ ከኔ ጋር። ታንኮራፋለች።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 2

ዛሬም ጨመረች፤ ጉንጭ አውጥታለች። ሐኪሟ አሁን መንገድ አያስፈራትም፣ በደንብ ሸፍናችሁ ብትወስዷት ትችላላችሁ አለች። ይህን ስትል ከድር እግሩን ነበር የሚያየው።

ቤት ስንገባ ሚጡን አቅፎ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው የመጨረሻው ሚኒባስ ሊሄድ ነው፤ እሱ አይነሳም። እኔ ውሰዳቸው ብለው ይወስዳል፤ ስጡኝ ብሎ ግን አይጠይቅም፤ አፍሮኛል። ያ ሁሉ ሳምንት ሥራ ውሎ፣ ሐረጎን ወጥቶ፣ ልጁን ለአፍታ አይቶ ሲወርድ ከረመ። ዘይኑም ባሏን ሰርቃ ታያለች። ወ/ሮ ሐሊማ እንኳ ስልክ ላይ ስለ መውረድ አንዲት ቃል አልተናገረችም ዛሬ። ሁሉም እኔን ነው የሚጠብቁት።

አሁን ወስኛለሁ፤ ገብቼ ልነግራቸው ነው። ከመናገሬ በፊት ላንተ ልጻፍልህ፣ ሐሳቤን እንዳልለውጥ።

የስም ማውጫዋ ዓቂቃ ቀድሞ እንደተስማማነው ቅዳሜ እዚህ ይሆናል፤ ሐሊማ ራሷ እሺ ብላለች፣ በጉን እሷ ታመጣለች፣ ዳቦውን ጋሽ መኮንን። ስሟ ሐያት። ውሳኔዬ ይህ ነው፦ እሑድ እናትና ልጅ ከአባቷ ጋር ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳሉ። ተገድጄ ብሰጣት ኖሮ ቅር እንዳለኝ እቀር ነበር። አሁን ግን በሁለት እጄ ነው የምሰጣት፤ እግሯ ሞቆ፣ ጉንጯ ሞልቶ፣ እዚህ ብትቀመጥም ምንም እንደማትሆን ሁሉም እያወቀ።

እሰጣታለሁ። የምሰጠው እኔ ነኝ፤ አልተወሰደብኝም።